የተሸፈነው ካርታ

በሬዲዮ ከቀረበ ትምህርት የተወሰደ

ዛሬ የማወራህ ስለ አንድ የቴሌቪዥን ጨዋታ ነው። “ይሄ ደግሞ ከወንጌል ጋር ምን አገናኘው?” ትል ይሆናል፤ ትንሽ ታገሠኝ።

እ.ኤ.አ. በ2010 ፎክስ የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን “ዘ ቢግ ጌም” የሚባል የፖከር፣ ማለትም የካርታ ቁማር ትርኢት ማሳየት ጀመረ። ጠረጴዛው ዙሪያ የሚቀመጡት እንደ ዳንኤል ኔግራኑና ፊል ሄልሙዝ ያሉ፣ ካርታ እንጀራቸው የሆነ ሰዎች ነበሩ። በመካከላቸው አንድ ተራ ሰው ይገባ ነበር። 100,000 ዶላር ይሰጠው ነበር፤ 150 ዙር ይጫወት ነበር። በመጨረሻ ከመቶ ሺው በላይ ከያዘ ትርፉ የእሱ ነበር፤ ካልያዘ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ።

እስቲ አስተውል! ሰውዬው ቢከስር የከሰረው የራሱን አይደለም። የቤት ኪራዩን አላስያዘም፤ የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ አላስያዘም። ታዲያ መቶ ሺውን የሰጠው ማን ነው? በኢንተርኔት ቁማር የሚያጫውተው ፖከርስታርስ ነው። ወዶት ነው የሰጠው? አይደለም እኮ! አንተ ሶፋህ ላይ ሆነህ “ይሄ ሰውዬ ከቻለ እኔስ?” እንድትል ነው። አንተ ስትገባ ግን መቶ ሺ ይዞ የሚጠብቅህ የለም፤ ከኪስህ ነው።

ፖከር ድሮ ለተመልካች አሰልቺ ነበር፤ ካርታው ተሸፍኖ ምን ይታያል? ይህን የለወጠው ሄንሪ ኦረንስቲን ነው። ፖላንድ የተወለደ አይሁዳዊ፣ ከናዚ ማጎሪያ ካምፖች የተረፈ፣ አሜሪካ ገብቶ የልጆች መጫወቻ ሲፈለስፍ የኖረ ሰው ነበር። የተጫዋቹን የተሸፈነ ካርታ ለተመልካች የሚያሳይ ካሜራ አሰበና በ1990ዎቹ የፈጠራ መብት አገኘበት። ከዚያ ወዲህ ተመልካች ሁሉ ሊቅ ሆነ። የሁሉንም ካርታ እያየ “ኧረ ተው፣ አታስይዝ!” ይላል። ራሱ ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ግን የሚያየው የገዛ ሁለት ካርታውን ብቻ ነው።

በ2003 ደግሞ ክሪስ መኒሜከር የተባለ የቴነሲ ሒሳብ ሠራተኛ (እውነተኛ ስሙ ነው፤ “ገንዘብ ሠሪ” ማለት ነው) ከመቶ ዶላር በታች ከፍሎ በኢንተርኔት ጀመረና ላስ ቬጋስ ላይ 839 ሰው ከተወዳደረበት ውድድር 2.5 ሚሊዮን ዶላር ይዞ ወጣ። በሚቀጥለው ዓመት 2,576 ሰው ተመዘገበ፤ በ2006 8,773። የእሱን ስም ዓለም ያውቀዋል። ከ838ቱ የስንቱን ታውቃለህ?

በ150 ዙር ውስጥ ዕድል ጀማሪውን ልታነሣው ትችላለች፤ ተራ ሰው ከባለሙያዎቹ ነጥቆ የሄደበት ጊዜ አለ። ባለሙያው ግን የሚያስበው ስለ አንድ ምሽት ሳይሆን ስለ ሺህ ምሽት ነው። ዙሩ ሲበዛ ዕድል ይተናል፤ ችሎታ ይቀራል። ያንን ተራ ሰው ያድነው የነበረው ጨዋታው በ150 መቆሙ ነው። አንተን ማን ያስቆምሃል? ስልክህ እንደሆነ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓትም ክፍት ነው።

“እኔ ፖከር አላውቅም፤ የኳስ ቲኬት ብቻ ነው የምቆርጠው” የምትል ወንድም፣ ላንተም ነው የማወራው።

መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ “ካርታ አትጫወት” የሚል ትእዛዝ የለም። እንዳለ አድርገው የሚሰብኩ አሉ፤ እኔ የሌለውን አልጨምርም። ነገር ግን ኢያሱ ምዕራፍ 7ን ክፈት። አካን የሰናዖርን ካባ፣ 200 ሰቅል ብርና 50 ሰቅል የሚመዝን ወርቅ ወስዶ በድንኳኑ ውስጥ ቀበረ። ያ ድንኳን ቤተ ሰቡ የሚያድርበት ነው። ልጆቹ ከሚተኙበት ሥር ምን እንዳለ የሚያውቁ አይመስለኝም። ምሥጢሩ ሳይወጣ ግን ሽንፈቱ ወጣ፤ ጋይ ላይ ወደ 36 ሰው ሞተ፤ ሕዝቡም ምን እንደ ነካው ግራ ገባው።

የአንተም ቤት እንዲሁ ግራ ገብቶታል። ዕቁቡ ለምን እንዳልተጣለ፣ ስልክህን ለምን ገልብጠህ እንደምታስቀምጥ፣ በትንሽ ነገር ለምን እንደምትቆጣ ሚስትህ አታውቅም። አካን ነገዱ እስኪለይ፣ ወገኑ እስኪለይ፣ ቤቱ እስኪለይ ዝም አለ። አንተ እስኪደረስብህ አትጠብቅ። ጌታ ኢየሱስ የሸፈንኸውን ካርታ አይቶታል፤ አይቶም አልተወህም።

ዛሬ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ስልክህን አውጣና የላክኸውን ገንዘብ ዝርዝር ለሚስትህ አሳያት። ድምሩን በራስህ አፍ ንገራት። ታለቅስ ይሆናል፤ ትጮኽብህ ይሆናል፤ ቁጭ በል፣ ጥለህ አትውጣ። ነገ አብራችሁ ወደምታምኑት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሂዱ። ደመወዝህም ለጊዜው በእሷ እጅ ይግባ።