ባይተዋርን ማን ይቀብረዋል?

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ነገሬ የሚጀምረው ከሩቅ አገር፣ ከናይጄሪያ ነው፤ የሚያልቀው ግን እዚሁ ከድንኳናችን ሥር ነውና ታገሡኝ።

ዕለቱ ቅዳሜ፣ ኅዳር 19 ቀን 2013 ዓ.ም. ነበር። በሰሜን ምሥራቅ ናይጄሪያ፣ በቦርኖ ግዛት፣ ከማይዱጉሪ ከተማ ብዙም በማይርቅ ኮሾቤ በተባለ መንደር ሰዎች የሩዝ ማሳ ላይ ሥራ ላይ ነበሩ። የቦኮ ሃራም ታጣቂዎች ደረሱባቸው። እጃቸውን የኋሊት አስረው እንደ በግ አረዷቸው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የታረደው ወታደር አይደለም፣ እንጀራውን ፍለጋ የወጣ ሰው ነው።

ምን በደሉ? የቡድኑ መሪ የነበረው አቡባከር ሼካው በቪዲዮ ወጥቶ፣ ገበሬዎቹ አንድ ታጣቂ ይዘው ለመንግሥት ጦር ስላስረከቡ ነው አለ። እሱም ቢሆን ዓመት አልቆየም፤ በዚያው በ2013 ዓ.ም. ግንቦት ወር በተቀናቃኞቹ ተከቦ ሞተ። ቡድኑ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ የሚዋጋው በእስልምና ስም ነው። የኮሾቤ ሟቾች ግን በነጭ ከፈን ተገንዘው፣ በእስልምና ሥርዓት ተሰግዶባቸው ነው የተቀበሩት። በማግሥቱ እሑድ ዛባርማሪ ላይ የ43 ሰው አስከሬን ባንድ ቀን አፈር ሲገባ፣ የግዛቱ ገዢ ባባጋና ዙሉም ከለቀስተኛው ጋር ቆመው ነበር። ሕዝቡ ቤት ቢቀመጥ ረሃብ፣ እርሻ ቢወጣ ታጣቂ ይገድለዋል ብለው የተናገሩትም ያን ጊዜ ነው።

የሟቾቹ ቁጥር ግን አንድ አልሆነም። ገዢው ቢያንስ 70 አሉ። ከተባበሩት መንግሥታት በኩል 110 ተብሎ ከተነገረ በኋላ ተመልሶ ታረመ። ከሟቾቹ መካከል ከሶኮቶ፣ ማለት 1000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ለቀን ሥራ የመጡ ነበሩበት። የሰፈር ሰው ሲጎድል ጎረቤት ያውቀዋል። ባይተዋር ሲጎድል ማን ይቆጥረዋል? እኛም ዘንድ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሁመራና ወደ መተማ ሲወርድ የኖረው ወጣት እንዲሁ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። የፕሬዚዳንቱ ቃል አቀባይ፣ ገበሬዎቹ ወደ ማሳው ለመሄድ ከጦሩ ፈቃድ አላገኙም ብሎ በመናገሩ ብዙ ሰው ተቆጣ። እኔም ተቆጣሁ። ኋላ ግን ራሴን ታዘብኩት።

ባለፈው ክረምት በሰፈራችን አንድ የቀን ሠራተኛ ሞተ። ጓደኞቹ ወደ እድራችን መጡ። መዝገቡ ተገለጠ፤ ስሙ የለም። «አባል አይደለም» ተባለ። ይህን ካልነው አንዱ እኔ ነኝ። ጡሩምባ አልተነፋም፣ ድንኳን አልተተከለም። አራት ሆነው በዝናብ ተሸክመው ቀበሩት። አገሩን በትክክል የሚያውቅ ስለ ጠፋ ለእናቱ መርዶ የሚያደርስ እንኳ አልተገኘም። ምናልባት እስከ ዛሬ ትጠብቀው ይሆናል። ደንቡን አላፈረስንም፤ ሰውየውን ግን አፈረስነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንዲወሰንልኝ እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ እያንዳንዳችን በየቤታችንና በየግቢያችን ያለውን ዘበኛ፣ የቤት ሠራተኛና የቀን ሠራተኛ ስም፣ የትውልድ አገርና የቅርብ ዘመድ ለጸሐፊያችን እናስመዝግብ፤ መዋጮ አይጠየቁበትም። ሁለተኛ፣ በሰፈራችን ክልል የሞተ ባይተዋር አባል ይሁን አይሁን፣ ክርስቲያን ይሁን እስላም፣ ጡሩምባ ይነፋለት፣ ድንኳንና ወንበር ይውጣለት፣ ቀብሩን እኛ እናስፈጽም። ወጪው ያሳስበናል የምትሉ አትሳሳቱም፤ እኔ ግን ካዝናችን ከዚህ ይልቅ ለብዙ ድግስ ሲከፈት አይቻለሁ።

የኮሾቤን ነፍሰ ገዳዮች እኛ ልንከለክላቸው አንችልም። በደጃችን የሚሞተውን ሰው ግን ሰው ነው ብለን መቅበር እንችላለን። እባካችሁ፣ እጃችሁን አውጡ።

ለሞቱት ዕረፍትን፣ ለቤተ ሰባቸው መጽናናትን ይስጥልን።