የበጋውን አትክልት ለክረምት ስለ ማቆየት



ከባሕር ዳር ተነሥቶ ሐሙሲትን አልፎ ወደ ወረታ ለሚጓዝ ሰው የፎገራ ሜዳ በበጋና በክረምት ሁለት ልዩ ልዩ አገር መስሎ ይታየዋል፤ በበጋ ከርብና ከጉማራ ወንዞች በሞተር እየተሳበ በሚጠጣው ውሃ ቀይ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚታፈስበት ሲሆን፣ ዘመነ ክረምት በገባ ጊዜ ግን እነዚያው ወንዞች ከዳርቻቸው እየወጡ ስለሚያጥለቀልቁት መሬቱ ለሩዝ ይለቀቃል። ቲማቲምም በባሕርዩ ብዙ ዝናም አይስማማውም፤ ርጥበት ሲበዛ ቅጠሉን የሚያደርቅ በሽታ ይገባበታል። ስለዚህም በሚያዝያ በሳጥን ተቆልሎ ገዢ የሚያጣው ፍሬ በነሐሴ፣ ያውም ጾመ ፍልሰታ ገብቶ ሥጋና ቅቤ ከማዕድ በሚርቁበትና አትክልት አብዝቶ በሚፈለግበት ወቅት፣ ዋጋው ንሮ እናገኘዋለን።

እናቶቻችን እህሉን በጎታ፣ ሥጋውን በቋንጣ፣ ወተቱን በንጥር ቅቤ፣ ቃሪያውን በበርበሬ ከወራት ወደ ወራት የማሻገርን ጥበብ ሲያውቁ፣ ለእርጥቡ አትክልት ግን ከጓሮው በቀር ጎተራ አላበጁለትም። ዛሬ ፍሪዘር ያለን ሰዎች ይህን ጉድለት ልንሞላው የምንችል ስንሆን፣ ዕቃውን የገዛነው ለፋሲካ ሥጋና ለበረዶ ብቻ ይመስላል።

ብርድ ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ አስቀድሞ መረዳት ይገባል። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ የሆነ ቅዝቃዜ ተሐዋስያንን ከመራባት ይከለክላቸዋል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋቸውም፤ የተበላሸውንም ጤነኛ አያደርገውም፤ እንግዲህ ሊጠፋ ሲል በርካሽ የተገዛውን ወደ ፍሪዘር መክተት ከንቱ ድካም ነው። ከዚህም በላይ በአትክልቱ ሕዋሳት ውስጥ በተፈጥሮ ያሉት፣ ፍሬውን የሚያበስሉትና በኋላም የሚያበላሹት ኤንዛይም የተባሉት ነገሮች በብርዱ ሥራቸውን ያዘገዩታል እንጂ አይተዉትም፤ ጥሬውን ተከትፎ የገባ ፎሶሊያ ከጥቂት ወራት በኋላ ቀለሙ ጠፍቶ፣ ጣዕሙ ሣር ሣር እያለ የሚወጣው ስለዚህ ነው።

መድኃኒቱ ግማሽ ኪሎ አትክልት በ4 ሊትር ያህል የፈላ ውሃ ነከር አድርጎ ማውጣት ነው። የሙያው መጻሕፍት ለፎሶሊያ 3 ደቂቃ፣ ለተከተፈ ካሮት 2 ደቂቃ ይበቃል ይላሉ፤ ነገር ግን ይህ ቍጥር የወጣው ለቆላው ሰው ነው። የእኛ ከተማ ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የምትገኝ በመሆኗ ውሃ የሚፈላልን 94 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነውና፣ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ደቂቃ መጨመር ያስፈልጋል። ከፈላው ውሃ የወጣው ለዚያኑ ያህል ጊዜ በረዶ ባለበት ውሃ ይቀዘቅዛል፤ በንጹሕ ጨርቅ ይደርቃል፤ በትሪ ተዘርግቶ እንዳይጣበቅ ለየብቻው ከጠጠረ በኋላ አየሩ በተጨመቀ ፌስታል ይታሰራል፤ ቀኑም ይጻፍበታል።

ቲማቲም፣ ቃሪያና ቀይ ሽንኩርት ይህ ሥርዓት አይጠየቅባቸውም፤ ታጥበው መግባት ይችላሉ። በኔ ግምት ግን ሽንኩርቱን ጥሬውን ከማስገባት በዘይትና በበርበሬ ቁሌቱን ሠርቶ፣ ለአንድ ወጥ በሚበቃ ልክ ከፋፍሎ ማስቀመጡ ይበልጣል፤ ከሥራ ደክማ ለምትመለስ እመቤት፣ ለጌታውም ቢሆን፣ የአንድ ሰዓት እፎይታ ነው። ጥሬ ድንች ሲቀልጥ ውሃ ይሆናል፤ እሱን ተዉት። ሀበሻ ጎመንም ክረምት የራሱ ወቅት ነውና ቦታ አያጣብብ።

በጅምላ የገዛ ሰው የሚሳሳተው ሁሉን በአንድ ቀን ለማስገባት ሲሻ ነው። 200 ሊትር የሚይዝ ፍሪዘር በ24 ሰዓት በደኅና የሚያጠጥረው ከ7 እስከ 9 ኪሎ ያህል ነው፤ ከዚያ የበዛ እንደ ሆነ ቅዝቃዜው ይዘገያል፤ ቀስ ብሎ የሚሠራ በረዶም ትልልቅ ሆኖ ሕዋሱን ስለሚቀድደው አትክልቱ ሲወጣ ይላሽቃል።

የመብራት ነገር እንደሚነሣ አውቃለሁ። በ2002 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የጣና በለስ ጣቢያ፣ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው፣ ውሃውን የሚቀዳው ከዚሁ ከሐይቃችን ቢሆንም ጨለማው እኛን አልተወንም። የሞላ ፍሪዘር ካልተከፈተ እስከ 48 ሰዓት፣ ግማሹ ባዶ የሆነ ደግሞ 24 ሰዓት ያህል ብርዱን ይይዛል። መንገድ ለሚሄድ ሰው የምመክረው በአንድ ስኒ የጠጠረ ውሃ ላይ ሳንቲም አኑሮ እንዲሄድ ነው፤ ሲመለስ ሳንቲሙ ከሥር ተቀብሮ ካገኘው፣ በሌለበት ቀልጦ እንደ ገና የጠጠረ ነውና ያለው ነገር አይበላ።

በቤተ ክርስቲያን አቈጣጠር ክረምት የሚገባው ሰኔ 26 ቀን ነው። ከዚያ በፊት፣ ቲማቲሙ ገና በሳጥን ሳለ፣ የመሥሪያ ቤታችን ባልደረቦች ሆይ፣ በየክፍላችሁ አራት አምስት ሆናችሁ ገንዘብ አዋጡና አንድ ላይ ገዝታችሁ ተካፈሉ፤ ፍሪዘር የሌላችሁም ፀሐዩ ሳያልፍ ስስ አድርጋችሁ እየቆረጣችሁ፣ ጨው ነስንሳችሁ አድርቁት።