ወንጭፍና ጅራፍ፤ ድሮንን በማይክሮዌቭ ስለ መከላከል
(በሸሕዲ ለተማሪዎችና ለመምህራን የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ ሰው ሳይሳፈርበት ስለሚበረው የጦር አውሮፕላን፥ ማለት ስለ ድሮን፥ ደግሞም በዐይን ስለማይታየው መከላከያው ነው። ነገሩ ለሸሕዲ ሰው ሩቅ አይደለም። በሱዳን ጦርነት ከተነሣበት ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ ሺህ ስደተኞች በመተማ ዮሐንስ በኩል ገብተዋል። በዚያው ጦርነት፥ በጥር 2017 ዓ.ም.፥ በኤል ፋሸር የሚገኘው የሳዑዲ ሆስፒታል በድሮን ተመትቶ 70 ያህል ሰዎች ሞተዋል። በአገራችንም በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በትግራይ ደደቢት ተፈናቃዮች የተጠለሉበት ስፍራ በድሮን ተመትቶ ከ50 የሚበልጡ ሰዎች አልቀዋል። ስለዚህ «መከላከያ ተገኘ» ሲባል ነገሩን መርምረን ልንቀበለው ይገባናል።

ማይክሮዌቭ የራዲዮ ሞገድ ዓይነት ነው። ስልካችን ይሠራበታል፤ ምግብ ማሞቂያውም ምድጃ እንዲሁ። በምድጃው ውስጥ ያለው ማግኔትሮን፥ እ.ኤ.አ. በ1940 በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ብርቱ ሆኖ ሲሠራ፥ የታሰበው ለራዳር ነበር። ከጦር ሜዳ ወደ ወጥ ቤት የገባው ሞገድ አሁን ወደ ጦር ሜዳ ተመለሰ ማለት ነው። እጅግ በርትቶ ወደ ድሮን ሲላክ በአንቴናው፥ በሽቦውና በገላው ስንጥቅ ይገባል፤ በውስጡ ያልታሰበ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል፤ መቈጣጠሪያው ይደናገራል ወይም ይቃጠላል፤ ድሮኑም ይወድቃል።

ጥቅሙን ማሽላ የጠበቀ ሁሉ ይረዳዋል። የወንጭፍ ድንጋይ ቢሳካለት አንዲት ወፍ ይመታል፤ ከማማ ላይ የጮኸ ጅራፍ ግን መንጋውን ባንድ ጊዜ ያስነሣል። ሚሳይል እንደ ወንጭፉ ነው፤ ማይክሮዌቭ እንደ ጅራፉ። ኤፒረስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ፥ ሊዮኒዳስ የሚለው መሣሪያው በነሐሴ 2017 ዓ.ም. በተደረገ ሙከራ በአንድ ምት 49 ድሮኖችን እንደ ጣለ አስታውቋል።

ነገር ግን የጅራፍ ጩኸት የሩቁን ማሳ አይጠብቅም። ጨረሩ በተጓዘ መጠን ይሰፋል፤ ርቀቱ 5 እጥፍ ሲሆን ብርታቱ ከ25 አንድ እጅ ብቻ ይቀራል። ባይራክታር ቲቢ 2ን የመሰሉ ድሮኖች ደግሞ ከ5 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ መብረር ይችላሉ። እንግዲህ መሣሪያው በተለይ የሚበጀው ዝቅ ብለው በቅርብ ለሚመጡት ትንንሾቹ ነው። ይህም ብቻ አይደለም፤ ጨረሩ ወዳጅና ጠላት አይለይም። በአቅጣጫው የተገኘውን ራዲዮ፥ ስልክ፥ የጤና ጣቢያ መሣሪያም ሊያበላሽ ይችላል።

ታዲያ እንዲህ ያለው ማማ ቢሠራ የሚቆመው የት ነው? በጦር ሰፈር፥ በአየር ማረፊያና በነዳጅ ማከማቻ ነው እንጂ በመተማ ገበያ ወይም በስደተኛ ድንኳን አጠገብ አይደለም። ጋሻውን የሚገዛው መንግሥት ነው፤ ድሮኑንም የሚልከው ብዙ ጊዜ መንግሥት ነው። በመካከል ያለው ገበሬ ጋሻው ሕግ ብቻ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1994 የተቀበለቻቸው የጄኔቫ ተጨማሪ ስምምነቶች ሰላማዊውን ሕዝብ ዒላማ ማድረግን ይከለክላሉ። ሕግ ግን እንደ ማሳ ጠባቂ ይሻል።

ስለዚህ የፊዚክስ ተማሪ ሞገዱን ይማር፤ ርቀቱንም ያስላ። የሕግ ተማሪ ውሉን ያንብብ። ሁላችንም ድሮን በወረደ ቍጥር «የሞተው ማን ነው? ያዘዘውስ?» ብለን ለመጠየቅ አንታክት። ይህን ጥያቄ የሚተካ መሣሪያ ገና አልተሠራም።