ከማያምን ሰው ጋራ ስለ ሃይማኖት መነጋገር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ በዛሬው ንግግራችን የምናነሣው ነገር በየዕለቱ የሚገጥማችሁ ነው። የሚያምን ሰውና የማያምን ሰው በአንድ መሥሪያ ቤት ይውላሉ፤ ከአንድ ማዕድ ይቈርሳሉ፤ በአንድ የለቅሶ ድንኳን ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ጨዋታው ስለ ዝናምና ስለ ገበያ ሲሆን ይቈይና ድንገት ወደ ሃይማኖት ይዞራል። በዚያን ጊዜ ከእኛ ወገን አንዳንዱ ይቈጣል፤ አንዳንዱ አፍሮ ዝም ይላል፤ አንዳንዱም ሰበብ ፈልጎ ተነሥቶ ይሄዳል። ምን ማድረግ እንደሚገባ ከመናገራችን በፊት እኛ ራሳችን የሠራነውን ስሕተት እንነግራችኋለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በምናገለግልበት አጥቢያ የሰባት ዓመት ሕፃን በሕመም ዐረፈ። በሠልስቱ ቀን ኀዘንተኞቹን ለማጽናናት ሄደን በድንኳኑ ውስጥ ከሽማግሎች መካከል ተቀመጥን። የቤቱ ጎረቤት የሆነ አንድ ወጣት መካኒክ ነበረ፤ ሦስቱን ቀን ሙሉ ድንኳን ሲተክል፥ ከእድር ቤት አግዳሚ ወንበር ሲሸከም፥ ለለቀስተኛው ውኃ ሲያድል የሰነበተ እርሱ ነው። ለእኛም ውኃ ሊሰጠን መጥቶ አጠገባችን ተቀመጠና፥ «አባቴ፥ አይቀየሙኝና እኔ እንኳ አላምንም» ብሎ ጀመረ። ከዚያም ስለ ሕፃኑ ሞት ተናገረ፤ እኛ የሰማነው እግዚአብሔር ቢኖር ኖሮ ይህ ሕፃን ባልሞተ ነበር የሚል ነገር ነው። ንግግሩን ሳይጨርስ፥ ድንኳኑ ሁሉ እንዲሰማ ድምፃችንን ከፍ አድርገን፥ በዳዊት መዝሙር እግዚአብሔር የለም ስለሚል ሰነፍ የተነገረውን ቃል ጠቀስንበት። ሽማግሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከኋላ የሳቀም ነበረ። ቃሉ የመጽሐፍ ቃል ነው፤ እውነትም ነው፤ እኛ ግን እንደ ድንጋይ ወረወርነው። ወጣቱ አንድ ነገር ሳይመልስ ተነሣና ባዶውን ጣሳ ይዞ ወጣ።

አንድ ወር ያህል ከቈየ በኋላ እናቱ ከቅዳሴ መልስ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ጠበቁን። እኒህ እናት ጾምና ጸሎት የማያስታጕሉ ሴት ናቸው። «አባቴ፥ ልጄ ድሮ ስለ ሃይማኖት ይከራከረኝ ነበር። ከዚያ ከለቅሶ ቤት ወዲህ ግን ዝም አለኝ፤ ክርክሩ ይሻለኝ ነበር» አሉን። የምንመልሰው ጠፋን። ወደ ቤታችን ገብተን መጻሕፍትን እንደ ገና የገለጥነው ከዚህ የተነሣ ነው።

መጀመሪያ የገለጥነው የሐዋርያት ሥራ ዐሥራ ሰባተኛውን ምዕራፍ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ በአቴና ከተማ ሲላስንና ጢሞቴዎስን ሲጠብቅ ሳለ፥ ከተማው በጣዖት የተሞላ መሆኑን ባየ ጊዜ መንፈሱ ተበሳጨ። ስለዚህ ቍጣ በሐዋርያውም ልብ ገብቶ ነበርና፥ የተቈጣ ምእመን ሁሉ በደለኛ ነው አንልም። ነገር ግን ቍጣው ያደረሰው ወደ ስድብ አይደለም፤ በየቀኑ ወደ ገበያ እየወጣ ካገኘው ሰው ሁሉ ጋራ እንዲነጋገር አደረገው እንጂ። ከኤፊቆሮስ ወገንና ኢስጦኢኮች ከሚባሉት ፈላስፎች ጋራ ተከራከረ፤ ከነዚህም አንዳንዶቹ ለፍላፊ ነው ብለው ናቁት። ሐዋርያው ተሰደብሁ ብሎ ገበያውን አልተወም። ወደ አርዮስፋጎስ በወሰዱትም ጊዜ ሄደ።

በዚያ በጉባኤው መካከል ቆሞ ነገሩን ከምን እንደ ጀመረ ተመልከቱ። ለአምልኮ የሚጠነቀቁ ሰዎች መሆናቸውን በፊታቸው ተናገረ፤ ቀጥሎም ለማይታወቅ አምላክ ተብሎ የተጻፈበት መሠዊያ ማየቱን ነገራቸው። ይህን መሠዊያ ለማግኘት በከተማው መዘዋወር፥ የሚጸየፈውንም የአምልኮ ቦታ ቀርቦ ማየትና ጽሕፈቱን ማንበብ አስፈልጎታል። እኛ ግን የማያምነው ሰው ምን እንደሚያነብ፥ ምን እንዳሳዘነው፥ በማን እንደ ተሰናከለ ሳንመረምር መልስ እንሰጣለን። ሐዋርያው ከዚህም አልፎ ከእነርሱ ባለቅኔዎች አንድ ቃል ጠቅሶ መሰከረባቸው። ቃሉ በአራጦስ ግጥም ውስጥ ይገኛል፤ አራጦስ ከሐዋርያው በፊት ሦስት መቶ ዓመት ያህል የነበረ፥ እንደ ሐዋርያውም የኪልቅያ ሰው ነው።

ይህን ሁሉ ስላደረገ ግን ወንጌሉን አላለሰለሰም። ስለ ንስሓ፥ ስለ ፍርድ ቀን፥ ስለ ትንሣኤ ሙታን ገልጦ ተናገረ። የሙታንን ትንሣኤ በሰሙ ጊዜ አንዳንዶቹ አፌዙ፤ ሌሎቹ ስለዚህ ነገር ሌላ ጊዜ ደግሞ እንሰማሃለን አሉ፤ የአርዮስፋጎስ ሸንጎ አባል የነበረው ዲዮናስዮስና ደማሪስ የምትባል ሴት፥ ከእነርሱም ጋራ ሌሎች አመኑ። ሐዋርያው ያፌዙበትን አልረገመም፤ ሌላ ጊዜ ያሉትንም ዛሬውኑ ካላመናችሁ ብሎ አላስጨነቃቸውም። ከመካከላቸው ወጣ፤ ወደ ቆሮንቶስም ሄደ።

ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ በዚያችው በአቴና ቅዳሴውን የምንቀድሰው ቅዱስ ባስልዮስና ወዳጁ ጎርጎርዮስ ነባቢ መለኮት ተማሪዎች ነበሩ። ከመምህራኑም ከተማሪዎቹም የሚበዙት የጣዖት አምላኪዎች ነበሩ። ጎርጎርዮስ ስለዚያ ዘመን ሲተርክ፥ እርሱና ባስልዮስ የሚያውቁት ሁለት መንገድ ብቻ እንደ ነበረ ይናገራል፤ አንዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን፥ ሁለተኛው ወደ መምህራኑ የሚወስድ ነው። በ355 ዓመተ ምሕረት (ዓመታቱን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ዩልያኖስ የተባለ የንጉሥ ዘመድ ወደዚያው ትምህርት ቤት መጣ፤ እርሱም በኋላ ክህደቱን የገለጠው ንጉሥ ነው።

ዩልያኖስ በ361 በነገሠ ጊዜ ያን የጋራ ጉባኤ ሊከፍለው ተነሣ። በ362 ዓመተ ምሕረት ክርስቲያን መምህራን የጥንቶቹን ባለቅኔዎችና ጸሐፊዎች መጻሕፍት እንዳያስተምሩ ከለከለ፤ ምክንያቱም በአማልክቱ የማያምን ሰው ስለ አማልክቱ የተናገሩትን መጻሕፍት ሊያስተምር አይገባውም የሚል ነበር። ፕሮሃይሬስዮስ የተባለው የአቴና መምህር ክርስቲያን ነበረና፥ ንጉሡ ለእርሱ ብቻ ቢፈቅድለትም ሌሎቹ ተከልክለው እኔ አላስተምርም ብሎ ወንበሩን ተወ። ጎርጎርዮስም ቋንቋና ንግግር የአንድ ወገን ርስት አይደለም ሲል ንጉሡን በጽሑፍ ወቀሰው። ይህን የምንተርከው ግፉን በሌላው ላይ ብቻ ለመጫን አይደለም። በ529 ክርስቲያኑ ንጉሥ ዮስጥንያኖስ ደግሞ በአቴና ፍልስፍና እንዳይሰጥ ከልክሏል። ሥልጣን የያዘው ሌላውን ዝም ሲያሰኝ በሁለቱም ወገን ታይቷል፤ እኛም በለቅሶው ድንኳን ያደረግነው ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ሥልጣናችን ጥምጣማችንና የሽማግሎቹ ሣቅ ነበረ።

ዩልያኖስ በ363 በፋርስ ጦርነት ላይ ሞተ። ክርስቲያኖችን «ገሊላውያን» እያለ የጻፈባቸው መጽሐፍ ግን ከእርሱ በኋላ ብዙዎችን ሲያናውጥ ኖረ። እርሱ ከሞተ ከሃምሳ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ መልስ የጻፈለት አባታችን ቅዱስ ቄርሎስ ዘእስክንድርያ ነው። በሊቃውንቶቻችን ዘንድ የታወቀው፥ በአክሱም ዘመን ከጽርዕ ወደ ግእዝ የተመለሰው «ቄርሎስ» የተባለው መጽሐፍ ሌላ ነው፤ ይህኛው በዩልያኖስ ላይ ብቻ የተጻፈ ነው። ቅዱስ ቄርሎስ የባለጋራውን ቃል ያስቀድማል፤ መልሱን ያስከትላል። በክርስቶስ ላይ የተወረወረውን ጸያፍ ስድብ ትቶ ክርክር የሆነውን ግን በዩልያኖስ በራሱ ቃል አቅርቦታል። የዩልያኖስ መጽሐፍ ዛሬ ጠፍቷል። ያ ከሃዲ ንጉሥ ምን እንዳለ ሊያውቁ የሚወዱ ሊቃውንት ሁሉ ከማንም ይልቅ የሚጠይቁት ቅዱስ ቄርሎስን ነው። የባለጋራውን ነገር ጠብቆ ያኖረለት መልስ የሰጠው አባት ነው!

እኛ በትርጓሜ ቤት ያደግን ሰዎች ይህን ሥርዐት ልንዘነጋው ባልተገባ ነበር። የኔታ አንድምታውን ሲያወርዱ «ስለ ምን ቢሉ» እያሉ ጥያቄውን ራሳቸው ያመጡታል፤ ያ ጠያቂ በጉባኤው ውስጥ የለም፤ ነገር ግን ስፍራ ተሰጥቶታል፤ ጥያቄውም ሳይነገር ወደ መልሱ አይኬድም። ብዙ ዘመን እንዲህ ስንማር ኖረን ጠያቂው በሥጋ መጥቶ አጠገባችን ቢቀመጥ አፉን ዘጋነው።

ከማያምነውም ወገን የሚጠበቅ ነገር አለ። የሰው መስቀል እየቀለደ፥ የሰው ጾም እያላገጠ መነጋገር እፈልጋለሁ የሚል ሰው ይገጥማችሁ ይሆናል፤ እንዲህ ካለው ጋራ መቀመጥ ግዴታ የለባችሁም፤ እንደ ሐዋርያው ሳትራገሙ ከመካከሉ ውጡ። ያልተማራችሁትንም ነገር ቢጠይቋችሁ አላውቅም፥ መምህር ልጠይቅ ማለት ነውር አይደለም። ለመርታት ብሎ ያላነበቡትን መጥቀስ ግን ሐሰት ነው፤ ሐሰት ደግሞ ለሃይማኖት ቢነገርም ሐሰት ነው።

ወደዚያ ወጣት እንመለስ። በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደሚሠራበት ጋራዥ ሄድን። ባየን ጊዜ ደነገጠ፤ እጁን በቤንዚን ታጥቦ ወንበር አቀረበልን፤ ሻይም አስመጣ። «ልጄ፥ በዚያን ቀን በሰው ፊት አሳፍሬሃለሁና ይቅር በለኝ። አሁን ጥያቄህን እኔ ልድገመውና በትክክል ሰምቼህ እንደ ሆነ አንተ ንገረኝ» አልነው። ከዚያም እግዚአብሔር ካለ ሕፃኑን ለምን አላዳነውም ብለህ ጠይቀህ ነበር አልነው።

ወጣቱ ራሱን ነቀነቀ። «አይደለም አባቴ። እኔ ያልሁት ሌላ ነው። ለቀስተኛው ሁሉ እየመጣ እናቲቱን እግዚአብሔር ስለ ወደደው ወሰደው ይላታል። እርስዎም እንደዚያ አሏት። እኔ አላምንም፤ ነገር ግን እግዚአብሔር ካለ ልጅ ከናቱ ጉያ በፍቅር ስም የሚነጥቅ አይመስለኝም፤ ለምን እንዲህ ትላላችሁ ብዬ ነው የጠየቅሁት» አለን።

ምእመናን ሆይ፤ ጥያቄውን ሳንሰማ ነበር የመለስነው። ያ የማያምን ልጅ በዚያ ድንኳን ውስጥ የእግዚአብሔርን ስም ከእኛ ከካህኑ ይልቅ ተጠንቅቆለት ነበር። በኢዮብ መጽሐፍ መጨረሻ እግዚአብሔር የተቈጣው በሚጮኸው በኢዮብ ላይ ሳይሆን፥ ስለ እርሱ እንከራከራለን ብለው ቅን ነገር ባልተናገሩት በሦስቱ ወዳጆች ላይ መሆኑን በዚያ ጋራዥ ውስጥ ተቀምጠን አሰብን። ለወጣቱም ይህንኑ ነገርነው። ደግሞም ጌታችን በአልዓዛር መቃብር አጠገብ እንዳለቀሰ፥ ለማርያምና ለማርታም ወንድማችሁን ስለ ወደድሁት ነው እንዳላላቸው ነገርነው። ዝም ብሎ ሰማና፥ «ይህን አላውቅም ነበር» አለ። ከዚያ ወዲህ ወደ ሕፃኑ እናት ሄደን ያልናትን ቃል ይቅር እንድትለን ለመንናት፤ አለቀሰች፤ እኛም አለቀስን።

ከወጣቱ ጋራ ግን እስከ ዛሬ በወር አንድ ቅዳሜ ሻይ እንጠጣለን። አላመነም። አንዳንድ ቀን ክርክሩ ይጠነክርና ሻዩ ይቀዘቅዛል፤ ሲሸኘን ግን ሌላ ጊዜ እንጨርሰዋለን ይለናል። እናቱም ባለፈው ሰንበት በቅጽሩ አግኝተውን፥ ልጃቸው ትናንት ማታ እስከ እኩለ ሌሊት እንደ ተከራከራቸው እየሣቁ ነገሩን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።