በቤተ ሙከራ ስለሚተርፍ መርዝ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተሰማ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ሙከራው ካለቀ በኋላ በብርጭቆው ውስጥ ስለሚቀረው ነገር ነው። ሙከራውን ሁሉም ያደንቃል፤ የተረፈው ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ወደ ገንዳ የተደፋ መርዝ ከዓይን ይሰወራል እንጂ አይጠፋም። እርሳስና ሜርኩሪ በእሳትም ሆነ በዘመን ብዛት የማይጠፉ ንጥረ ነገሮች ናቸው። መሬት ውስጥ ይሰርጋሉ፤ ጎርፍም ይወስዳቸዋል። የመራዊ ወንዝ ቆጋ ወደ ግልገል ዓባይ፣ ግልገል ዓባይም ወደ ጣና ይገባል። በቆጋ ግድብ ወላጆቻችን ያለማሉ፤ ከጣና ዓሣ ይበላል። በጃፓን አገር በሚናማታ አንድ ፋብሪካ ሜርኩሪ ያለበትን ፍሳሽ ወደ ባሕር ይለቅ ነበር፤ ዓሣውን የበሉ ሰዎች ነርቫቸው ተጎዳ፤ በሽታውም እ.ኤ.አ. በ1956 ታወቀ። የትምህርት ቤት ፍሳሽ ከፋብሪካ ጋር አይወዳደርም፤ መንገዱ ግን አንድ ነው።

ስለዚህም ሕግ ወጣ። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 44 ሰው ሁሉ በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይናገራል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር ዐዋጅ ቁጥር 300 አደገኛ ቆሻሻን ያለ ፈቃድ ማከማቸትን፣ ማጓጓዝንና ማስወገድን ከለከለ። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ስለ አደገኛ ቆሻሻ ለብቻው ዐዋጅ ቁጥር 1090 ወጣ። ይህ ለፋብሪካ እንጂ ለተማሪ አይደለም የሚል ይኖር ይሆናል። መርዝ ግን የደፋውን ሰው ማንነት አይጠይቅም።

ታዲያ ከእኛ የሚጠበቀው ምንድን ነው?

አንደኛ፤ በጠርሙስ ሁሉ ላይ ስሙና ቀኑ ይጻፍ። ስም የሌለውን ጠርሙስ ማንም በደኅና ሊያስወግደው አይችልም።

ሁለተኛ፤ የማይስማሙት አይደባለቁ። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ መርዛም የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ናይትሪክ አሲድና አልኮል በአንድ ዕቃ ቢዘጋባቸው ሊፈነዱ ይችላሉ።

ሦስተኛ፤ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም ክሮሚየም ያለበት ፈሳሽ ከቶ አይደፋ። ተከድኖ፣ ተመዝግቦና ተቈልፎበት፣ ፈቃድ ላለው አካል እስኪሰጥ ድረስ ይጠበቅ።

አራተኛ፤ በጥቂት ጠብታ የሚታየውን ሙከራ በብርጭቆ ሙሉ አንሥራ። ያልተሠራ ቆሻሻ ጠባቂ አይፈልግም።

ወላጆቻችን ሆይ፤ ቁልፍ ያለው አንድ ቁም ሣጥንና አንድ መዝገብ ለዚህ ሥራ መጀመሪያ ይበቃሉና እርዱን። ታናናሾቻችን ሆይ፤ እኛ ዘንድሮ እንሰናበታለን፤ ጠርሙሶቹ ግን ለእናንተ ይቀራሉ። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ መዝገቡን ከዛሬ ጀምሩ።