የስኳር በሽተኛ ቁስልና የማር መድኃኒትነት

(በትምህርት ቤታችን የጤና ክበብ አባል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በዛሬው የበዓል ቀን በፊታችሁ ቆሜ ስለ ጤና እንድናገር ክበባችን ስለ መረጠኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። የምናገርበት ጉዳይ በብዙ ቤት ያለ፥ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ በጫማ ውስጥ ተሸሽጎ የሚኖር ነው፤ ይኸውም የስኳር በሽታ ባለበት ሰው እግር ላይ የሚወጣውና ቶሎ አልድን የሚለው ቁስል ነው። እንዲህ ያለ ቁስል በታየ ጊዜ ከጎረቤት የሚመጣው ምክር ብዙ ነው። አንዱ ማር ቀቡት ይላል፤ ሁለተኛው እሬት፥ ሦስተኛው ቅቤ፥ አራተኛው ደግሞ ነጭ ሽንኩርት ወቅጣችሁ እሰሩበት ይላል። ምክሩ ሁሉ ከፍቅር የመጣ ነው። ዳሩ ግን ከፍቅር የመጣ ምክር ሁሉ እግር አያድንምና እውነቱን ከስሕተቱ ለይተን እንመልከት።

በመጀመሪያ ለማር የሚገባውን ክብር እንስጠው። አገራችን በማር ምርት ከአፍሪካ አገሮች ሁሉ ቀዳሚ ናት፤ ማርን ለመድኃኒትነት ማዋልም የአባቶቻችን የቆየ ልማድ ነው። የጥንት ግብፃውያንም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1600 ዓመት ገደማ በተጻፈውና ዛሬ የኤድዊን ስሚዝ ፓፒረስ በሚባለው የሕክምና ጽሑፍ ቁስል በስብና በማር እንዲታሰር አዝዘዋል። የዘመናችን ሳይንስም ምክንያቱን ገልጦታል። በማር ውስጥ ያለው ውሃ አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ 20 እጅ አይበልጥም፤ የቀረው አብዛኛው ስኳር ስለ ሆነ በአጠገቡ ካለው ጀርም ውሃውን ይስብበታል፤ ውሃ ያጣ ጀርምም ሊራባ አይችልም። ሁለተኛ፥ ማር አሲድነት አለው። ሦስተኛ፥ ንቧ ከሰውነቷ የምትጨምርበት ኢንዛይም ማሩ በውሃ ሲቀጥን ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ የሚባለውን ጀርም ገዳይ ቀስ በቀስ ያወጣል። በዚህም የተነሣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2007 ዓ.ም. ከማር የተሠራ የቁስል መሸፈኛ ለገበያ እንዲውል ፈቅዷል።

እንግዲህ እንዲህ ከሆነ ከጓዳ ማር አምጥተን ብንቀባ ምን አለበት? የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። መልሱ ሁለት ነው። አንደኛው፥ ሐኪም ቤት የሚገኘው የቁስል ማር በጨረር የጸዳ ነው። የጓዳው ማር ግን ሰም፥ አፈርና የንብ ስባሪ ሊኖርበት ይችላል፤ ከዚህም በላይ ቦቱሊዝም የሚባለውን ብርቱ መመረዝ የሚያመጣው ጀርም ዘር አንዳንድ ጊዜ በማር ውስጥ ይገኛል። ሁለተኛውና ዋነኛው መልስ፥ የጸዳውም ማር ቢሆን ለስኳር በሽተኛ እግር ማዳኑ አልተረጋገጠም። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመረምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ዓ.ም. 3000 ያህል ሰዎች የተካፈሉባቸውን 26 ጥናቶች መርምሮ ነበር፤ ማር አንዳንድ የቃጠሎ ቁስሎችን ቶሎ እንደሚያድን ሲያገኝ፥ ስለ ስኳር በሽተኛ የእግር ቁስል ግን በቂ ማስረጃ አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ2023 ዓ.ም. የስኳር በሽተኞችን እግር ጉዳይ የሚከታተለው ዓለም አቀፍ የሐኪሞች ጉባኤ ባወጣው መመሪያ ይህን ቁስል ለማዳን ተብሎ ማር እንዳይደረግበት መክሯል። እሬትም ቢሆን ለዚህ ቁስል የተረጋገጠ ማስረጃ የለውም። ቅቤ ከጀርም የጸዳ አይደለም፤ ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ቆዳ ላይ ታስሮ ሲቆይ ራሱ ያቃጥላል።

ነገሩ ለምን እንዲህ ሆነ? ብንል፥ የቁስሉ ሥር ከላይ ከቆዳው ላይ ስለማይገኝ ነው። ስኳር በደም ውስጥ ለብዙ ዓመት ሲበዛ ሦስት ጉዳት ያመጣል። የመጀመሪያው የእግር ነርቮች ስለሚጎዱ ሰውየው ሕመም አይሰማውም፤ ምስማር ቢወጋው፥ ጠጠር በጫማው ቢገባ፥ እሳት ቢያቃጥለው ሳያውቅ ይውላል። ሁለተኛው የደም ሥሮች ስለሚጠቡ ሥጋን የሚጠግነው ደም በሚገባ አይደርስም። ሦስተኛው ጀርምን የሚዋጉት ነጭ የደም ሕዋሳት ይደክማሉ። በእነዚህ ላይ፥ ሕመም የማይሰማው ሰው በቁስሉ ላይ እየረገጠ ስለሚሄድ አዲስ የበቀለው ሥጋ በየእርምጃው ይፈርሳል። እንግዲህ ከላይ ማር ቢቀባ ከታች ግን የሰውየው ክብደት ቁስሉን እየጨፈለቀው ምን ይጠቅማል?

ይህን ነገር ለሐኪሞች በግልጽ ካስተማሩት አንዱ እንግሊዛዊው ዶክተር ፖል ብራንድ ናቸው። እኚህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1946 ዓ.ም. ወደ ሕንድ አገር ወደ ቬሎር ሄደው የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ሲያክሙ፥ የደነዘዘ እግር ቁስል ከመረገጥ ካረፈ እንደሚድን ተገነዘቡ። በኋላም በአሜሪካ ይኸው ዕውቀት ለስኳር በሽተኞች ዋለ፤ እግሩ በጄሶ ወይም በልዩ ጫማ ተይዞ ቁስሉ ከክብደት እንዲያርፍ ይደረጋል። በእኛም አገር በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1965 ዓ.ም. የተቋቋመው አለርት ሆስፒታል እንዲህ ያለውን የደነዘዘ እግር ከሥጋ ደዌ ሕሙማን ዘንድ ለብዙ ዘመን ሲያክም የኖረ ነው።

ስለዚህ የዚህ ቁስል እውነተኛ መድኃኒት አራት ነገር ነው፤ እግሩን ከመረገጥ ማሳረፍ፥ የሞተውን ሥጋ በባለሙያ እጅ ማጽዳትና ጀርም ከገባ ተገቢውን መድኃኒት መውሰድ፥ የደሙን መንገድ ማስመርመር፥ የደሙንም ስኳር ማስተካከል። ለዚህ ለመጨረሻው ኢንሱሊን አለ። እርሱንም እ.ኤ.አ. በ1921 ዓ.ም. ባንቲንግና ቤስት በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ አገኙት፤ በጥር ወር 1922 ዓ.ም. መጀመሪያ የተወጋው ሕመምተኛም እንደ እኛ ያለ የ14 ዓመት ልጅ ነበረ።

ወገኖቼ፥ ብርቱው አደጋ ማሩ ሥራውን እስኪሠራ እንጠብቅ እየተባለ የሚያልፈው ሳምንት ነው። ሕመም የለምና ሰው አይቸኩልም፤ በዚህ መካከል መግሉ ወደ አጥንት ይወርዳል፤ ጣት ይጠቁራል፤ በመጨረሻም እግር ይቆረጣል። እግሩ የተቆረጠ ገበሬ ወይም ነጋዴ ቤተ ሰቡን በምን ያስተዳድራል? የልጆቹስ ትምህርት በምን ይቀጥላል?

እንግዲህ የእኛ የተማሪዎች ድርሻ ምንድን ነው? አባቶቻችን ካወረሱን መልካም ልማድ አንዱ ማታ ማታ የታላላቆችን እግር ማጠብ ነው። ይህን ልማድ በአዲስ ዕውቀት እናድሰው። የስኳር በሽታ ያለበት አባት ወይም አያት ያለን ሁሉ፥ «አባባ፥ እግርዎን ልጠብዎት» ብለን በትሕትና እንቅረብ። ውሃው ለብ ያለ ይሁን፤ ሙቀቱንም በክርናችን እኛ እንለካው። በውሃ ውስጥ ብዙ አናቆየው፤ ካጠብን በኋላ በጣቶቹ መካከል ሳይቀር እናድርቀው። ውስጥ እግሩን፥ ተረከዙንና የጣቶቹን መካከል በብርሃን እንመልከት። ጫማውን ከመጫማታቸው በፊት አራግፈን በእጃችን እንዳስሰው። በቤት ውስጥም ቢሆን ባዶ እግራቸውን እንዳይሄዱ፥ እግራቸውንም ወደ ምድጃ እንዳያስጠጉ፥ የደደረውንም ቆዳ በምላጭ እንዳይቆርጡ እንለምናቸው።

ቁስል ያየን እንደ ሆነ በንጹሕ ውሃ አጥበን በንጹሕ ጨርቅ እንሸፍነው፤ በዚያ እግር እንዳይረግጡ አድርገን ሳንዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ እናድርሳቸው። ቅላት፥ እብጠት፥ ሽታ፥ መጥቆር ወይም ትኩሳት ካለ ያው ቀን ሳይመሽ ሐኪም ይያቸው። ጎረቤት ማር ይዞ ቢመጣ አናሳፍረው፤ አመስግነን ተቀብለን፥ «ስለ ቁስሉ ሐኪሙን እንጠይቃለን» እንበለው።

ሕመም የማይሰማ እግር ሌላ ሰው ሊያይለት ይገባል፤ ያ ሰው ልጅ ቢሆን እጅግ መልካም ነው። በትምህርት ቤት የምናገኘው ዕውቀት ለፈተና ብቻ ሳይሆን ያሳደጉንን ሰዎች እግር ለመጠበቅ ይዋል እያልሁ ንግግሬን በዚሁ እፈጽማለሁ።