የተሳቢን ባሌስትራ ስንቀይር

የትራክተር ተሳቢ ባሌስትራ ሲሰበርባችሁ «ወፍራሙን ስጠኝ» ብላችሁ አትግዙ። ከሚገባው በላይ የጠነከረ ባሌስትራ አይለጠጥም፤ የመንገዱ ምት በቀጥታ ወደ አክስሉና ወደ ሻሲው ይሄዳል፣ ብየዳውም ይሰነጠቃል። የሳሳው ደግሞ ጭነት ሲያርፍበት ይተኛል፣ ጎማውም ከተሳቢው ወለል ጋር ይፋተጋል።

ስለዚህ ከክብደት ተነሱ። 30 ኩንታል ስንዴ 3,000 ኪሎ ነው። ባዶው ተሳቢ 1,000 ኪሎ ቢመዝን ድምሩ 4,000 ይሆናል። ባለ አንድ አክስል ተሳቢ ከሆነ እያንዳንዱ ባሌስትራ ቢያንስ 2,000 ኪሎ የሚችል ይሁን። ከጭነቱ ጥቂቱ በመጎተቻው በኩል ትራክተሩ ላይ ያርፋል፤ እሱን ግን አትቀንሱ፣ ለጉድጓዱ መጠባበቂያ ይሆናችኋል።

ወደ ሱቅ ስትሄዱ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። ስፋቱ፣ የተደራረቡት ብረቶች ብዛትና ውፍረት፣ የጫፍ ቀዳዳዎቹም መጠን ይመሳሰል። ከቀዳዳ እስከ ቀዳዳ ያለውን ርዝመት ካልተሰበረው ላይ ለኩ፤ እሱም ተኝቶ ከሆነ ቅስቱን አትመኑት።

ወጪው እንደሚከብድ ይገባኛል፤ ቢሆንም የተሰበረው አንዱ ብቻ ቢሆን እንኳ ሁለቱንም ቀይሩ። አዲስና አሮጌ ከተጣመሩ ተሳቢው ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ማሰሪያ ብሎኖቹም አዲስ ይሁኑ፤ ከመጀመሪያው ጭነት በኋላ እንደገና አጥብቋቸው።